ድፎን ገልብጦ ማየት

ድፎ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ፊቱን ማሳመር ያን ያህል አያስቸግርም፤ መጨረሻ ላይ ፍሙን ጨመር አድርጎ ማቅላት ይቻላል። ጀርባው ላይ ግን ማታለል የለም። መሐሉ አርሮ ዳሩ ከነጣ እሳቱ ምጣዱ እምብርት ላይ ተከምሮ ነበር። ጠርዙን ተከትሎ ነጭ ቀለበት ከዞረው ሊጡ የገባው ምጣዱ ሳይግል ነው። እዚህም እዚያም ከጠቆረ ኮባው ተቀዶ ሊጡ ከሸክላው ጋር ተነካክቷል። በወጉ የተጋገረ ድፎ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፤ በቡናማው ላይ የኮባው ጅማቶች ጎን ለጎን፣ ሳይቆራረጡ ታትመው ይታያሉ።

አሰላ ውስጥ ድፎ መጋገር ያስተማሩኝን እናት እማማ ነው የምላቸው፤ ሰፈሩም እንደዚያው ይላቸዋል። ድፏቸውን ከኮባው ሲያላቅቁ ሰው ሳያያቸው ገልበጥ ያደርጉታል። ከወደዱት መዳፋቸውን ለአፍታ ያሳርፉበታል። ካልወደዱት መልሰው ያስቀምጡትና ወሬ ይቀይራሉ። አስተማሪነታቸው በአብዛኛው ይኸው ነው፤ «እንዲህ አድርግ» የሚል ቃል ከአፋቸው የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።

በእኛ ወግ ወንድ ከድፎ ጋር የሚገናኘው ሲቆረስ ነው። የቤቱ ታላቅ ቢላውን ይይዛል፣ ይባርካል፣ ይቆርሳል፤ ሌሊቱን ከሊጥ ጋር ስትነሳ ስትተኛ ያደረችው ሴት ያን ጊዜ ጓዳ ናት። እጄን ቡሃቃ ውስጥ ስከት ጎረቤት ሁሉ በሰበብ አስባቡ ብቅ ብቅ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ዳቦ ጋጋሪ ሲባል ሊጥ የምታስነሳ ሴት ትታሰባለች። ሊጥ ማስነሳት ግን ማንንም አያስቸግርም፤ ዱቄትና ውሃ ሞቅ ያለ ጥግ ካገኙ ሰው ባይነካቸውም ኩፍ ይላሉ። ጋጋሪዋ የምትደክመው ነገሩ እንዳይቸኩልባት ነው። እርሾውን ትይዛለች፣ ሊጡን ትይዛለች፣ እሳቱን ትይዛለች። የሙያዋ ትልቁ ክፍል ማዘግየት ነው፤ አርሲ ደጋ ደግሞ ለማዘግየት የተመቸ አገር ነው።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጀርባዋ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጭላሎ ቆሟል፤ ከእሱ የሚወርደው ብርድ በበጋም ቢሆን ሌሊቱን ጓዳ ድረስ ይገባል። ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ ይለወጣል፣ የሊጡም ጠባይ አብሮ ይለወጣል። አዳማ ጠዋት የተቦካ ሊጥ ከሰዓት ላይ እሳት ይጠይቃል፤ አሰላ ማታ የተቦካው ጠዋት ገና እያሰበበት ነው። ይህ መዘግየት ለጣዕሙ ትልቅ ውለታ ይውልለታል።

እርሾው የሚኖረው ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ካለፈው ሊጥ የተቆነጠረ አንድ ጭብጥ፣ ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ፣ አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከምድጃው ራቅ ተደርጎ። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ያበጃል። ሲሰብሩት ውስጡ ግራጫ፣ እርጥብና ቀዳዳ የበዛበት ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እማማ ቅርፊቱን ይጥሉና የቀረውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በጣታቸው እያሹ ያሟሙታል። ከዚያ ያሸቱታል። ገና ከሆነ እርጎ እርጎ ይላል። ሲደርስ ሽታው ወደ ጠላ ይጠጋል። ኮምጣጤ ከሸተተ አልፎበታል፤ አብዛኛውን ደፍተው ጥቂቱን በአዲስ ዱቄትና ውሃ ያድሱታል፣ ያን ቀን አይጋገርም። ለእንግዳ የተቀጠረ ዳቦ እንኳ ቢሆን በዚህ አይደራደሩም።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ይደር?» አልኳቸው አንድ ማታ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ።

«ሰዓቱን ምን ታደርገዋለህ ልጄ? ጭላሎን አላየኸውም? ደመናው እስከ እግሩ ወርዷል። ዛሬ ብርድ ነው፤ እርሾ ጨመር እናድርግበት።»

በዚያች ጭብጥ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍጥረታት አብረው ይኖራሉ። እርሾ የምንላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገሶች ስኳሩን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ሊጡን የሚነፋው ይህ አየር ነው። ከእነሱ ጋር ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ያመርታሉ፤ የኮመጠጠው ጣዕም ከእነሱ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ እርሾ የመጀመሪያዎቹን ብቻ ለይቶ ያበዛ ነው፤ ስለዚህ ይነፋል እንጂ አያኮመጥጥም። ለሚቸኩል ሰው አልፈርድበትም። ሁለቱን ዳቦዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በማግስቱ የቀመሰ ሰው ግን ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፤ የሱቁ ይፈረፈራል፣ የቤቱ ገና ለስላሳ ነው። አሲዱ ሻጋታን ይከላከላል፣ የመድረቁንም ፍጥነት ይቀንሳል። ሌላም ሥራ አለው። የስንዴው ገለባ ውስጥ ያለውን፣ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር እንዲፈርስ ይረዳል፤ ሰውነታችን ከእንዲህ ዓይነቱ ዳቦ የበለጠ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካኖች የሳን ፍራንሲስኮን ኮምጣጣ ዳቦ መርምረው ዋናውን ባክቴሪያ ለዩና በከተማዋ ስም ጠሩት። ስሙ ጸደቀ፤ ባክቴሪያው ግን ኋላ ላይ ሳን ፍራንሲስኮን አይተው በማያውቁ አውሮፓውያን ጋጋሪዎች ሊጥ ውስጥም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሰውን ቤቱ ሲዘጋው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሱቅ እርሾ ከመደርደሪያ ላይ ጠፋና ብዙ ሰው ዱቄትና ውሃ ቀላቅሎ እርሾ ማሳደግ ጀመረ። ነገሩ እንደ ትልቅ ግኝት ሲወራ የሰሙ የአሰላ እናቶች ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም።

ስለ እርሾው ይህን ያህል ካልኩ ስለ ስንዴው ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። አሰላን በሯጮቿ የሚያውቋት ይበዛሉ፤ ለዳቦ ሰው ግን አሰላ የስንዴ ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነር በየማሳው ሲንጎራጎር፣ መንገዱ በጆንያ በተጫነ ጋሪ ሲሞላ ማየት ይበቃል። እማማ እህል ተራ ገብተው የመጀመሪያውን ጆንያ አይገዙም። ከጆንያው ሆድ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው፣ ጥቂት ፍሬ ያወጣሉ፤ ላዩን ሻጩ እንደሚያሳምረው ያውቃሉ። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ይሰብራሉ። ቀጭ ብላ ከተሰበረችና ውስጧ ጥርት ካለ ፕሮቲኗ ጥሩ ነው፤ ሊጧ ይሳባል። ዱቄት ሆና ከፈረሰችና ውስጧ እንደ ኖራ ከነጣ ለቂጣ ትሁን ይላሉ። ከዚያ ፍሬዎቹን ገልብጠው ጭንቅላታቸውን ያያሉ። በአጨዳ ጊዜ ዝናብ ያገኘው ስንዴ እዚያ ጋ መብቀል ይጀምራል፤ የበቀለ ስንዴ ስታርቹን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላወጣ ዳቦው ውስጡ ሙጫ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ይህንኑ ኢንዛይም ፈልጎ ገብሱን ሆን ብሎ ያበቅላል፤ ለቢራ የሚፈለገው ለዳቦ የሚፈራው ነው።

ከከተማዋ ወጥቶ በአዳማ መንገድ ትንሽ ሲኬድ ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ከተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ጋር፣ በተለምዶ ካዱ ከሚባለው ጋር የተያያዘ ነው። ካዱ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬ አደረሰ፣ የአርሲን የስንዴ ምርትም ከፍ አደረገ። ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ማስነሳታቸውም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው፤ ስለ አርሲ ስንዴ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የቁሉምሳ ሰዎች ሥራ ከእማማ ሥራ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። ሁለት የስንዴ ዓይነቶችን ማዳቀል የእጅ ሙያ ነው። አንዲት የስንዴ አበባ ሦስት የወንዴ ዘር ከረጢቶች አሏት፤ ዱቄታቸውን ሳያፈሱ በፊት አበባዋ በወረንጦ ተከፍታ ሦስቱም አንድ በአንድ ይለቀማሉ። አንዷ ከቀረች አበባዋ በራሷ ትዳቀልና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ ዛላው በወረቀት ይሸፈናል፤ ከቀናት በኋላ ከሌላው ወላጅ የመጣው የወንዴ ዘር ይራገፍበታል። ከዚህች ቅጽበት ተነስቶ ለገበሬ የሚደርስ ዝርያ እስኪወጣ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተለቀቀው እንኮይ የተባለው ዝርያ የአርሲና የባሌ ገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ በ1993 እና 1994 የግንድ ዋግ ጠራርጎ ወሰደው። ኩብሳ መጣ፤ እሱን ደግሞ በ2010 ቢጫ ዋግ መታው። ቢጫ ዋግን የተቋቋመው ዲጋሉ ማሳውን ሲይዝ በ2013 አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሳበት። ዳንዳአ፣ ቀቀባ፣ ኦጎልቾ እያሉ ተተኪዎቹ ይቀጥላሉ። ገበሬው ዘር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ዋግ መቋቋሙንና በሄክታር የሚሰጠውን ነው፣ ይህም ተገቢ ነው፤ ሊጡ እንዴት እንደሚሳብ የሚያሳስበው ኋላ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ድፎ ጋጋሪዋ ስንዴው በተለወጠ ቁጥር እጇን መለወጥ አለባት። እማማ የዝርያ ስም አይጠሩም። «ይኼ ውሃ ይወዳል»፣ «ይኼ ግትር ነው» ይላሉ እንጂ።

ግትር የሚሉት ብዙ ጊዜ የድሮውን ስንዴ ነው። አገራችን ለረጅም ዘመን ስታመርት የኖረችው በአብዛኛው ለፓስታ የሚሆነውን ዱረምንና ዘመዶቹን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ዞሮ የሰበሰበው ይህን ሀብት ነው፤ ፍሬው ሐምራዊ የሆነ ስንዴ ሳይቀር። የዱረም ሊጥ ጠንካራ ቢሆንም እምብዛም አይለጠጥም፣ ድፎው ደልደል ያለ ይሆናል። የዛሬው የዳቦ ስንዴ ሊጥ ይሳባል፣ አየር ይይዛል። ማን ይሻላል ብትሉኝ፣ ከወጥ ጋር ለሚበላ ድፎ የድሮው ደልዳላነት ይጥመኛል፤ ከሻይ ጋር ከሆነ አዲሱ።

ስንዴው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተሰጥቶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ለዳቦ መሆኑ ለወፍጮ ሠራተኛው ይነገራል፣ ልም ተደርጎ እንዲፈጭ። ከነገለባው የሚፈጭ ዱቄት ጣዕሙ ሌላ ነው፤ የገለባው ስባሪ ግን ሊጡን አያይዞ የሚይዘውን የግሉተን መረብ ይበጣጥሰዋል። መፍትሔው ብዙ ውሃና ብዙ ጊዜ ነው፤ ገለባው ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ መቁረጡን ይተዋል። አንዳንድ ቤት የፉርኖ ዱቄት ይቀላቅላል። እማማም እንግዳ ሲበዛ ያደርጉታል፣ ግን ደስ እያላቸው አይደለም።

አሁን ቡሃቃው ጋ እንድረስ። የሚቦካበት ቡሃቃ የእንጨት ነው፤ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። በስንጥቁ ውስጥ ያደረው አሮጌ ሊጥ የእርሾው ሁለተኛ ቤት ነው። ዱቄቱ ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ፣ የተሟሟው እርሾና ውሃው እየገባ ይለወሳል። ሲታይ የቀጠነ ይመስላል፤ ኳስ ሆኖ የሚቆም ሊጥ አይደለም። እማማ ዱቄት ጨምረው ለማወፈር አይሞክሩም። እጃቸውን ውሃ ነክረው፣ ጣቶቻቸውን ገጥመው፣ ሊጡን ከቡሃቃው ግድግዳ ሥር ገብተው ያነሱታል። እስኪወጠር ወደ ላይ ይስቡታል፤ ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው መሐሉ ላይ ያጥፉታል። ቡሃቃውን በግራ እጃቸው ትንሽ ያዞሩና ሌላውን ጎን ያነሳሉ። ዙሩ ሲሞላ ጨርቅ አልብሰው ይተዉታል። ቡና አፍልተው ሲመለሱ ያው ሊጥ ሌላ ሆኖ ይጠብቃል፤ ላዩ ለስልሶ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የማይቀር። ጉልበት ሳይፈስስበት ጊዜው ብቻ መረቡን ሠርቶታል። እንደገና ያነሱታል፣ ያጥፉታል። ጨው የሚገባው በዚህኛው ዙር ነው፤ ጨው እርሾውን ያዘገየዋል፣ ሊጡንም ያጠነክረዋል። ጥቁር አዝሙዱም አብሮ ይገባል፣ ከኮረሪማ ጥቂት ጋር። በዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። ኮረሪማው ከሩቅ የሚሸት ድፎ አላምነውም፤ ቅመም የበዛበት ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ እርሾው ያልበሰለ ወይም ያለፈበት ነው።

ጠዋት ሊጡ ደርሶ እንደሆነ የሚታወቀው በጣት ነው። ጣት በውሃ ተነክሮ እስከ መጀመሪያው አንጓ ይገባል። ቀዳዳው ወዲያው ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ከተመለሰ ሰዓቱ ነው። ባለበት ከቀረ አሲዱ መረቡን እየበላው ነው፤ ሊጡ ምጣድ ላይ ይዝለፈለፋል እንጂ አይነሳም። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ጊዜ ሞቃት አገር አጭር ነው፤ አሰላ ሰፊ ነው። ብርዱ ለጋጋሪዋ የሚሰጣት ይህን ስፋት ነው፤ ጸሎቷን አድርሳ፣ ላሟን አልባ፣ ኮባዋን አዘጋጅታ ትደርስበታለች።

ኮባው ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ነው። ቅጠሉ ጥሬውን ቢነጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በእሳት ነበልባል ላይ ይለበለባል። እማማ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ወጥረው ነበልባሉ ላይ ያሳልፉታል፣ አያቆሙትም። ነፋስ በማሳ ላይ እንደሚያልፍ የቀለም ለውጥ በቅጠሉ ላይ ይሮጣል፤ ደብዛዛው አረንጓዴ በቅጽበት ጠቆር ይልና ያብረቀርቃል፣ ቅጠሉም ጨርቅ ይሆናል። ትንሽ ከዘገዩ ይቃጠላል፣ ከፈጠኑ ግትርነቱ አይለቀውም። ወፍራሙ የመሐል አከርካሪ በቢላ ተልጎ ይሳሳል፣ ያለዚያ ዳቦው ጀርባ ላይ ቦይ ይቆፍራል። ቅጠሎቹ ምጣዱ ላይ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየረገጠ ይነጠፋሉ፣ ጫፋቸው ወደ ውጭ ተርፎ። ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በእርጥብ እጅ ይስተካከላል፣ የተረፈው ጫፍ ይታጠፍበታል፣ ከላይም ሌላ ቅጠል ይደረባል። አክንባሎው ሲከደን ከሥሩ ያለው አሁን ከዳር እስከ ዳር የታሸገ ጥቅል ነው።

የማሸጉ ጥቅም ሽታው ብቻ አይደለም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተንናል፣ የዳቦው መሐልም ከዚያ በላይ አይግልም። ክፍት እሳት ላይ ቢጋገር ላዩ ቶሎ ደርቆ ይጠነክርና ውስጡ መነሳት እየፈለገ ይታፈናል፤ መጨረሻ ላይ በአንድ ጎን ይፈነዳል። ኮባው እንፋሎቱን ስለሚይዘው ላዩ እርጥብና ተለጣጭ ሆኖ ይቆያል፣ ሊጡም እስከሚችለው ይነሳል። አሜሪካዊው ጋጋሪ ጂም ሌሂ እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይታሽ የሚቦካ ዳቦን ክዳን ባለው የጋለ ብረት ድስት ውስጥ መጋገርን በኒው ዮርክ ታይምስ በኩል ሲያስተዋውቅ ቤት ውስጥ የሚጋግር ሰው ሁሉ ተደነቀ። ምስጢሩ ይኸው የታፈነ እንፋሎት ነበር። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከእስያ ሱቅ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ገዝተው፣ እሱም ከታጣ በፎይል ጠቅልለው፣ ኦቭን ውስጥ ድፎ ይጋግራሉ። እንፋሎቱን ፎይልም ይይዘዋል፤ ሽታውን ግን ከየት ያመጣዋል?

ከላይም እሳት ከታችም እሳት የሚባለው እውነት ነው፣ ግን እኩል እሳት አይደለም። የታችኛው መጀመሪያ ይበረታል፣ ከዚያ ይቀንሳል። እማማ ለታች ኩበት ይመርጣሉ፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ነበልባሉም ዝቅ ያለ ነው። ባሕር ዛፍ ይግላል፣ ይቸኩላል፣ ሳይታሰብ ያሳርራል። ፍሙን ከጉልቻው መሐል ጠረግ አድርገው ወደ ዳር ቀለበት ያደርጉታል፤ የምጣዱ እምብርት ራሱ ይግላል፣ ሙቀት የሚያንሰው ዳሩ ነው። ከላይ በአክንባሎው ላይ የሚቀመጠው ፍም ዘግይቶ ይመጣል፣ ሊጡ ተነስቶ ከጨረሰ በኋላ። ቀድሞ ከመጣ ላዩን ይቆልፍበታል። ክዳኑ አይከፈትም። መብሰሉ የሚታወቀው በጠርዙ በሚወጣው ሽታ ነው፤ መጀመሪያ የተቀቀለ ቅጠል፣ ቀጥሎ የኮመጠጠ ሊጥ፣ በመጨረሻ የተቆላ እህል። ሦስተኛው ሲመጣ ክዳኑ ይነሳና በጣት አንጓ ይንኳኳል። ድምፁ ባዶ ከሆነ በስሏል፤ ከደነቆረ ውስጡ ገና ውሃ ነው።

ላይኛው ፍም በሌለበት ቤት ድፎው ተገልብጦ ነው የሚጋገረው። ሁለት ሰፌድ ይዘው በአንድ ትንፋሽ ሲገለብጡት ያዩ እንደሆነ ልብ ያቆማል፤ ዳቦው በዚያች ቅጽበት ላዩ ገና ለጋ ነው፣ ክብደቱም ብዙ ነው። እማማ ይህን አካሄድ አይንቁትም። ጥሩ አድርጋ የምትገለብጥ ሴት የእሳት ችግር አይገጥማትም ይላሉ።

ከእሳት ከወጣ በኋላም ሥራ አለ። ውሃ እፍ ተብሎበት በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ቅርፊቱ እንዲለሰልስ። ትኩሱን መቁረስ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ እኔ እቃወማለሁ። ውስጡ ገና እየበሰለ ነው፣ ቢላው ላይ ይጣበቃል፣ የሊጡም ኮምጣጣነት ሽታው ብቻ ይሰማል እንጂ ምላስ ላይ አይቀመጥም። በማግስቱ ጣዕሙ ይሰበሰባል። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ በስሱ ተቆርሶ ምጣድ ላይ ሞቅ ሞቅ ተደርጎ፣ የአርሲ ቅቤ ተቀብቶ ከሻይ ጋር ሲቀርብ ከሁሉም ይበልጣል ብል የሚከራከረኝ ይኖራል፤ ይከራከር። ከዚያ ወዲያ የደረቀው ቁራሽ ለዳቦ ፍርፍር ነው። ለዚህም ቢሆን በእርሾ የተጋገረው ይመረጣል፤ በርበሬና ቅቤውን ይጠጣል እንጂ አይሟሟም፣ ኮምጣጣነቱም የቅቤውን ከባድነት ይሰብረዋል። በሱቅ እርሾ የተነፋው በመጀመሪያው ማማሰል ገንፎ ይሆናል።